የዱባ ዘር ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከሰሜን አገር የመጣ ዘር ጣና ዳር ሲዘራ

ባሕር ዳር ጓሮ ያለው ሰው ዱባ አያጣም። አጥር ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይጋደማል፣ ማንም ሳይዘራውም ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ይበቅላል። አሁን አሁን ደግሞ ካናዳ፣ ስዊድን ወይም የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ያለ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣው የዱባ ዘር ይዞ ይመጣል። ፓኬቱ ላይ የሚያምር ፎቶ አለ። «ለቀዝቃዛ አገር ተስማሚ፣ ቶሎ የሚደርስ» የሚል ጽሑፍም አለበት።

የዱባ ዓይነት ሲበዛ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ብዙ ሰው ዘሩን የሚያወዳድረው በዚያ አገር መለኪያ መሆኑ ነው። እዚያ ዱባን የሚገድለው ውርጭ ነው። እዚህ የሚገድለው የሚተኛ ውሃና እርጥበት ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ልዩነት ከመርሳት ነው።

ፓኬቱ ላይ ያለውን የቀን ቁጥር እንደ ቀጠሮ መያዝ

ሚኒሶታ ያለ ገበሬ ከመጨረሻው ውርጭ እስከ ቀጣዩ ውርጭ ያለው ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ወር ገደማ ነው። ወደ ሰሜን በወጣ ቁጥር ጊዜው እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ቀን ይደርሳል?» ብሎ ነው። በተርከፕ የሚባለው ዱባ 100 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ዋልታም በተርነት ከ105 እስከ 110 ቀን፣ አትላንቲክ ጃይንት ደግሞ 120 ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለእሱ የ20 ቀን ልዩነት ዱባ የመብላትና ያለመብላት ጉዳይ ነው።

እኛን ይህ አያስጨንቀንም። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ወይና ደጋ ናት። ውሃ ካለ ዓመቱን ሙሉ ዱባ ማብቀል ይቻላል። ስለዚህ ቶሎ መድረሱ ብቻውን አንድን ዘር አያስመርጠውም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ቁጥር የተቆጠረው በእነሱ ረጅም የበጋ ቀን ነው። ስቶክሆልም በሰኔ ፀሐይ ከ18 ሰዓት በላይ ትታያለች። ጣና ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በክረምት ደመናው ሲጨመርበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ 100 ቀን የተባለው ዱባ ሊዘገይ ይችላል። ቁጥሩን ዓይነቶቹን እርስ በርስ ለማወዳደር ተጠቀሙበት። የመልቀሚያ ቀን ግን አትቁረጡበት።

ደብረ ታቦር ወይም ጋይንት ዘመድ ካላችሁ ነገሩ ይለያል። እዚያ ደጋ ነው፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ለእነሱ ላኩላቸው፤ በጣም ይጠቅማቸዋል።

ዱባን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ከሁሉ ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ፓኬት ላይ የምናያቸው ዱባዎች አብዛኞቹ ከሦስት ዝርያዎች የወጡ ናቸው። ሦስቱም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ጠባያቸው ግን በጣም ይለያያል።

የመጀመሪያው ማክሲማ ነው። በተርከፕ፣ ካቦቻ፣ ሀባርድና አትላንቲክ ጃይንት የዚህ ወገን ናቸው። ፍሬውን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘውን ጭራ እዩት። ክብ ነው፤ ሲደርስ ቡሽ ይመስላል። ከሦስቱ ቀዝቃዛ ሌሊትን በደንብ የሚችለው እሱ ነው። የበተርከፕና የካቦቻ ሥጋ ደረቅና ጣፋጭ ስለሆነ ለዱባ ወጥ ግሩም ነው፤ በቀላሉ አይቀልጥም።

ሁለተኛው ሞስካታ ነው። በተርነት የሚባለው፣ አንገተ ረጅሙ፣ ከዚህ ይመደባል። ጭራው ጠንካራና ማዕዘን ያለው ነው፤ ፍሬው ጋ ሲደርስ ሰፋ ይላል። ሙቀትን ይወዳል፤ እርጥበትንም ከሌሎቹ ይልቅ ይችላል። ብርድ ግን ያስቆመዋል። በጥር ሌሊት የባሕር ዳር ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ በተርነት እድገቱን ይገታል።

ሦስተኛው ፔፖ ነው። ዙኪኒ፣ አኮርን፣ ስሞል ሹገርና አብዛኛው የሃሎዊን ዱባ እዚህ ውስጥ ናቸው። ቅጠላቸው ይሻክራል፣ ጭራቸው ጠንካራና ባለ ማዕዘን ነው። ቶሎ ይደርሳሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ለረጅም ጊዜ አይቀመጡም። የሃሎዊኖቹን በተለይ ልብ በሉ። ብዙዎቹ የተመረጡት ፊት ተቀርጾባቸው ሻማ እንዲበራባቸው እንጂ እንዲበሉ አይደለም። ሥጋቸው ስስና ውሃማ ነው፤ ወጡ አይጥምም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለክረምቱ ዝናብና በጥር መጨረሻ ለሚዘራ የመስኖ ዱባ ሞስካታን እመርጣለሁ። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ በብርዱ ወራት ለሚያድግ ደግሞ ማክሲማን። የአገራችንን ዱባ ግን በምንም ተዓምር አትተዉት። እዚሁ አፈርና እዚሁ ዝናብ ላይ ሲዘራ የኖረ ነው። ለአዲሱ ዘር ከመደቡ ግማሹን ብቻ ስጡት፤ ግማሹ የቆየው ዘር ይሁን። ከዚያ ማን እንደሚያሸንፍ ራሳችሁ ታያላችሁ።

የማይመለከተንን በሽታ መፍራት፣ የሚመለከተንን መርሳት

የአሜሪካ ፓኬት ብዙ ጊዜ ግንድ ሰርስሮ የሚገባ አንድ ትል እንደማይደፍረው እያነሣ ዘሩን ያሞግሳል። ያ ትል የአሜሪካ ነው፤ እኛ ጋ ለዚያ ተብሎ ዘር አይመረጥም። እዚህ ፈልጉ የምላችሁ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለውን በሽታ የሚቋቋም ዘር ነው። ዝናቡ ሲያበቃ አካባቢ ይመጣና ቅጠሉን ያደርቀዋል። ቅጠል የሌለው ዱባ ስኳር አይሠራም፤ ፍሬው ቢቀላም አይጣፍጥም። ሌላው የፍሬ ዝንብ ነው። ለጋ ፍሬ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። እንቡጡ ፍሬ ሲሆን በወረቀት ከረጢት መሸፈን ይረዳል።

ትልቁን ዱባ መመኘት

በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ የሚኒሶታ ሰው ካሊፎርኒያ ላይ ያስመዘነው ዱባ 1,247 ኪሎ ሆኖ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ዘሩ ከአትላንቲክ ጃይንት ወገን ነው። እንዲህ ያለው ግን በአንድ ሐረግ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቶ፣ ሌላው ሁሉ ተቆርጦ የሚገኝ ነው። ጣዕሙም እዚህ ግባ አይባልም። ለቤተሰብና ለቅዳሜ ገበያ ከሁለት እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝን ይሻላል። ሰው በአንድ እጁ ያነሣዋል፣ ሳይበላሽም ያልቃል።

ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ መዝራት

ባሕር ሸሽ መሬት፣ ማለትም ጣና ሲያፈገፍግ የሚገለጠው፣ ለም ነው። ርጥበቱም ይቆያል። ሐይቁ ግን ከፍ የሚለው በመስከረም አካባቢ ነውና በክረምት እዚያ የተዘራ ዱባ ውሃ ይበላዋል። በፎገራ ሜዳም እንደዚሁ ነው፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሩዝ ይችለዋል፣ ዱባ አይችለውም። በክረምት ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ፍግ በደንብ አብሉት፣ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ዘር ጨምራችሁ ጠንካራውን አስቀሩ። በሐረጎቹ መካከል ሁለት ሜትር ያህል ተዉ። ፍሬው ሲያድግ ከሥሩ ደረቅ ሣር አንጥፉለት።

ጥላም አይስማማውም። ዘጌ ባለው ዓይነት ጥቅጥቅ ያለ የቡና ጥላ ሥር ሐረጉ ይረዝማል፣ ፍሬ ግን አይሰጥም።

የመጀመሪያዎቹ አበቦች ሲረግፉ መደንገጥ

ቀድመው የሚወጡት የወንዴ አበቦች ናቸው፤ መርገፋቸው ልማድ ነው። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ዝናብ ሲበዛ ንብ ስለማይወጣ ጠዋት በማለዳ የወንዴውን አበባ ቀጥፋችሁ ሴቴዋ ላይ ንኩ።

ከማንኛውም ዱባ ዘር ማስቀረት

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል። በዘርም እውነት ነው፤ ቅል ከዱባ ጋር አይዳቀልም። የአንድ ዝርያ ዱባዎች ግን እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ካቦቻ ከሀባርድ ጋር፣ ዙኪኒ ከአኮርን ጋር። የዘንድሮው ፍሬ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከዘሩ የሚወጣው ነው። ፓኬቱ ላይ ኤፍ ዋን የሚል ካለ ደግሞ ዘሩ ድቅል ነውና ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም።

ዘር ለማስቀረት ከፈለጋችሁ ነገ የሚከፈቱትን የወንዴና የሴቴ አበቦች ማታ በክር እሰሩ። ጠዋት ፈትታችሁ አዳቅሉና ሴቴዋን መልሳችሁ እሰሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለጌጥ የሚሸጡ ትንንሽ የፔፖ ዓይነቶች ከምግብ ዱባ ጋር ከተዳቀሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት መራራ ፍሬ ሊወጣ ይችላል። መራራ ዱባ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። መራራነቱን ማብሰል አያጠፋውም። ቀምሳችሁ ከመረረ ድስቱን ሙሉ ድፉት፤ ለልጆች ደግሞ በፍጹም አትስጡ።

ቀለሙን ብቻ አይቶ መቁረጥ

ጥፍራችሁን ቆዳው ላይ ተጫኑ። ካልገባ ደርሷል። ጭራውም መድረቅ አለበት። ስትቆርጡት ከጭራው ጥቂት አስቀሩ፤ በጭራው ይዛችሁ ግን አታንጠልጥሉት። ጭራው ከተነቀለ ብስባሴው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ሙቀትና ነፋስ ባለበት ቦታ አሥር ቀን ያህል አቆዩት፤ ዝናብ አያግኘው። ካቦቻና በተርከፕ ከተቆረጡ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቢቆዩ ይበልጥ ይጣፍጣሉ፤ ውስጣቸው ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይቀየራልና። በተርነት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ለወራት ይቀመጣል። አኮርን ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ እሱን ብሉ፤ ከሁለት ሦስት ወር በላይ አይቆይም።