ሐይቅ ዳር ከልጆች ጋር አድሮ ወፍ ማየት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትነሱ

ወፍ ለማየት ከፈለጋችሁ እደሩ። ደርሶ መልስ አያዋጣም። ወፎች በደንብ የሚንቀሳቀሱት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ እናንተ ደግሞ ልጆቹን ቀስቅሳችሁ፣ ቁርስ አብልታችሁ፣ የጠፋ ጫማ ፈልጋችሁ ከደሴ እስክትወጡ ሰዓቱ ያልፋል። እኛ ሁለት ጊዜ እንደዚያ ሄደን ሁለቱንም ጊዜ ዳክዬ ብቻ አይተን ተመለስን። ሦስተኛው ላይ ድንኳን ይዘን ሄድን።

የት? ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ የቦርከና ረግረግ፣ ጨፋ፣ ወፉ ብዙ ነው። ግን ይሞቃል፣ የወባ ትንኝም አለው፣ ስለዚህ ለቀን ብቻ ሂዱበት። ከትንንሽ ልጆች ጋር ለማደር ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ይሻላል። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ደርቋል፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም እኛ ጋ ናቸው። የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ጨርሱ። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ፣ ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ድረሱ። ቦታው ባዶ ቢመስልም የሰው ግጦሽ ወይም ማሳ ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱን ፈልጋችሁ አስፈቅዱ፣ ለቀበሌውም አሳውቁ። ድንኳኑን ከውሃው ራቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከሉ። ትልቅ ዛፍ ሥር ጥላ አለ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ መሬቱን እዩት። ሣሩ በኩስ ነጭ ከሆነ ማታ ወፍ የሚሰፍርበት ዛፍ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ድንኳናችሁ ላይ ሲወርድባችሁ ያድራል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ብርሃኑ። ሐይቅ ከተማ ከውሃው በስተምዕራብ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚያርፈው በዚያ በኩል ነው፣ ጠዋት ደግሞ ፀሐይ በውሃው ላይ ፊት ለፊት ትወጣለች። ያኔ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው፣ ቀለም የለውም። ፀሐይ ሳትወጣ ተነሱና በደብዛዛው ብርሃን እዩ፣ ከወጣች በኋላ ጎናችሁ ላይ እስክትሆን ዳሩን ይዛችሁ ተራመዱ። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ከጀርባችሁ ናት፣ ላባው አንድ በአንድ ይታያል። ያን ሰዓት ለራት ሥራ አታባክኑት።

ባይኖኩላር ከገዛችሁ 8×42 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው። 10 እጥፉ የተሻለ ይመስላል፣ ግን በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ደሴ ግቢያችሁ ውስጥ ቁራና ርግብ ላይ አለማምዷቸው። መርሊን የሚባለው አፕ የአንዳንድ ወፎችን ድምፅ ሰምቶ ስማቸውን ይነግራል፤ የኢትዮጵያን ወፎች ቤት ሳላችሁ በዋይፋይ አውርዱ።

ልጆች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ጥቁርና ነጩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። ውሃው ላይ አየር ላይ ይቆማል፣ እውነት ይቆማል፣ ክንፉ ሲርገበገብ ጭንቅላቱ ግን አይነቃነቅም፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ዓሣ ይዞ ከወጣ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይውጥም፣ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ እንጨቱ ላይ ይቀጠቅጠዋል። ልጄ የ6 ዓመት ልጅ ናት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትንቀሳቀስ አይታዋለች። ሣሩ ላይ ደግሞ መንቁሩ ወደ ታች የጎበጠ፣ ጉሮሮው ላይ ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለ ወፍ ካያችሁ ጋጋኖ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም፣ ይህንን ለልጆቹ ንገሯቸው።

ብርዱ የሚገባው ከታች ነው። ሸራ፣ በላዩ ሰሌን፣ ከዚያ ፍራሽ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ። ከሰል ፈጽሞ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ለምግብ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ይበቃል፣ ዓሣ እዚያው ከአጥማጆቹ ትገዛላችሁ። የመጠጥ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹ ዳር ባለው የረጋ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ፣ ቢልሃርዚያ ያስፈራል። ጎጆ ካገኛችሁ በባይኖኩላር እዩት እንጂ አትጠጉ፣ እናትየው ከሸሸች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ አርዲቦ ቅርብ ነው፣ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን መሳለም ከፈለጋችሁ ደግሞ ሴቶች እንደማይገቡ ለሴት ልጆቻችሁ ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው፣ በር ላይ ደርሰው እንዳይከፋቸው። እኛ ባይኖኩላሩን ለእነሱ ትተን ነው የምንገባው።