መዝሙር 118ን በ22 ቀን መጸለይ

የእግዚአብሔር ትእዛዝ ሸክም ብቻ ሆኖ የሚታየው ምእመን የዳዊትን 118ኛ መዝሙር (በአንዳንድ እትሞች 119ኛ ነው) ቀስ ብሎ ቢጸልየው እጅግ ይጠቀማል። መዝሙሩ 176 ቁጥሮች አሉት፤ በዕብራይስጥ ፊደላት ስም በ22 ስለተከፈለም ለእያንዳንዱ ቀን ስምንት ስምንት ቁጥር ይደርሳል። ጠዋት ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ከመጀመሪያው ፊደል ከአሌፍ ጀምረው ድምፅዎን አሰምተው ያንብቡ፤ ልብዎን የነካውን አንዱን ቁጥር ብቻ ይዘው ወደ ሥራዎ ይሂዱ።

ደስታው የሚገኘው ግን ቁጥሩ በቀኑ ውሎ ሲፈተን ነው። ለምሳሌ ልብ ወደ ስስት እንዳያዘነብል የሚለምነውን 36ኛውን ቁጥር ባነበቡበት ቀን፣ ባለሱቁ ተሳስቶ መቶ ብር አብልጦ ቢመልስልዎ፣ ከደጁ ርቀው ቢሆን እንኳ ተመልሰው ይስጡት። በመንገድ ላይ የሚሰማዎትን የልብ ቅለት ልብ ይበሉት፤ ማታም ስለ እርሱ ያመስግኑ።

በወደቁበት ቀን ንባቡን አያቋርጡ። ይህን ያህል ሕጉን የወደደው መዝሙረኛ እንኳ በመጨረሻው ቁጥር እንደ ጠፋ በግ መቅበዝበዙን ተናግሮ፣ ጌታው ራሱ እንዲፈልገው ይለምናል፤ ያችን ልመና የራስዎ አድርገው፣ በማግስቱ ካቆሙበት ፊደል ይቀጥሉ።