ዶክሲሳይክሊን በ48 ሰዓት አልገድል ሲለን ያደረግነው

ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ በቤተ ሙከራ የምናሳድገው የወባ ጥገኛ፣ ፋልሲፓረማችን፣ ግን በ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ተንደላቆ ያድጋል። ያስቸገረን ለወባም የሚሰጠው አንቲባዮቲክ፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ነበር። ከ48 ሰዓት በኋላ ስላይዱን ስናይ ጥገኛው መድኃኒት የቀመሰ አይመስልም። በዚያው ፕሌት (የሙከራ ሳህን) ላይ ፈጣኑ የወባ መድኃኒት አርቴሱኔት ጠራርጎታል። ስለዚህ ፕሌቱ ደህና ነው ማለት ነው።

ነገሩ ያለው መድኃኒቱ የሚመታው ቦታ ላይ ነው። የወባ ጥገኛ ፕሮቲን የሚሠራው በሳይቶፕላዝም፣ በሚቶኮንድሪያ እና አፒኮፕላስት በሚባል ክፍል ነው። ዶክሲሳይክሊን የአፒኮፕላስቱን ራይቦዞም (ፕሮቲን መሥሪያውን) ይይዛል። ጥገኛው ግን ያለውን ይዞ በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚያድግበትን የመጀመሪያውን ዙር ይጨርሳል። የሚሞቱት ልጆቹ ናቸው፤ ደህና አፒኮፕላስት ሳይወርሱ አዲስ ቀይ የደም ሴል ይገባሉ።

አንድ ዙር 48 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ንባቡን ወደ 96 ሰዓት ወሰድነው። ሚዲየሙን መሀል ላይ ከነመድኃኒቱ ቀየርን። እድገቱ ቁልቁል ወረደ።

ለማረጋገጥ አፒኮፕላስቱ ለጥገኛው የሚሠራለትን አስፈላጊ ንጥረ ነገር፣ 200 ማይክሮሞላር አይሶፔንተኒል ፓይሮፎስፌት፣ እንደ ማዳኛ ከውጭ ጨመርን፤ ጥገኛው ተረፈ። ኢላማው አፒኮፕላስቱ ነው ማለት ነው። ይህችን ሙከራ በጣም ነው የምወዳት። መጠኑን ከፍ ካደረጋችሁ ግን ዶክሲሳይክሊን በመጀመሪያው ዙርም ይገድላል፤ ያኔ ማዳኛው አይሠራም።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁለት ዙር አይጠብቅም። ለሕክምና ዶክሲሳይክሊን እንደ ኩዊኒን ካለ ፈጣን መድኃኒት ጋር እንጂ ብቻውን የማይሰጠውም ለዚሁ ነው።