የባኩላ ካታሎግ ሲያብጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ባኩላ የማሽኖችን ፋይሎች ባክአፕ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ባክአፕ ያደረገውን እያንዳንዱን ፋይል በካታሎጉ፣ ማለትም በመዝገብ ዳታቤዙ፣ ውስጥ በአንድ መስመር ይመዘግባል። 2 ሚሊዮን ፋይል ያለው አንድ ሰርቨር በየሳምንቱ ሙሉ ባክአፕ ቢደረግለት በ60 ቀን ውስጥ 17 ሚሊዮን ያህል መስመር ይከማቻል። አንዱ መስመር 150 ባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ ኢንዴክሱ (ፍለጋ ማፋጠኛ ማውጫው) ሳይቆጠር ለዚያ ሰርቨር ብቻ 2.5 ጊጋባይት ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ለሚሠራ ካታሎግ ነው።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ካታሎጉን ፒጂ ደምፕ በተባለው የፖስትግሬስ መሣሪያ ቀድተው ሌላ ማሽን ላይ ያስቀምጡ። ካታሎጉ ቢጠፋ ቢስካን የተባለው የባኩላ መሣሪያ ከቮልዩሞቹ (ባክአፑ ከተጻፈባቸው ቴፖች ወይም ፋይሎች) መልሶ ሊገነባው ይችላል፤ ነገር ግን ቮልዩሞቹን አንድ በአንድ ማንበብ ስላለበት ሥራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ሪቴንሽን (የማቆያ ጊዜ) ተቀምጦለትም ማደጉን አላቆመም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሥራ የወጣ ክላየንት (ባክአፕ የሚደረግለት ማሽን) ነው። ኦቶፕሩን፣ ማለትም የባኩላ ራስ-ሰር ማጽጃ፣ የአንድን ክላየንት አሮጌ መዝገብ የሚያጸዳው የዚያው ክላየንት ጆብ (የባክአፕ ሥራ) ሲያልቅ ነው። ማሽኑ ከሥራ ወጥቶ ጆቡ ከቆመ የሚቀሰቅሰው ስለሌለ መዝገቡ እንዳለ ይቀመጣል። በጆብ ሠንጠረዥ ውስጥ የእያንዳንዱን ክላየንት የመጨረሻ ጆብ ቀን ያውጡና ወራት ያለፋቸውን ይለዩ። ክላየንቱ ከኮንፊግ ፋይሉ ተሰርዞ ከሆነ ለጊዜው ይመልሱት፤ ከዚያ በቢኮንሶል (በባኩላ ትእዛዝ መስጫ) ፕሩን ፋይልስ የሚለውን ትእዛዝ በክላየንቱ ስም ይስጡ። ፐርጅን ግን አይጠቀሙ፤ ፕሩን የማቆያ ጊዜውን ያከብራል፣ ፐርጅ ግን ሳያይ ይሰርዛል።

የፋይል ሪቴንሽን ካልተጻፈ 60 ቀን፣ የጆብ ሪቴንሽን 180 ቀን ነው። የፋይል መዝገቡ ተጠርጎ የጆቡ ሲቀር ባክአፑ አልጠፋም፤ አንድን ፋይል ከዝርዝር ለይቶ መምረጥ ግን አይቻልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጆቡ በሙሉ ነው ሪስቶር የሚደረገው (የሚመለሰው)። ተጠቃሚዎች ከሦስት ወር በፊት የነበረ ነጠላ ፋይል የሚጠይቁ ከሆነ 60 ቀን አይበቃም።

በፑል (በቮልዩሞች ስብስብ) ላይ የቮልዩም ሪቴንሽን ቀይረው ለውጥ ካላዩ፣ የቀደሙት ቮልዩሞች የድሮውን ቁጥር በካታሎግ ይዘዋል ማለት ነው። በአፕዴት ትእዛዝ ከፑሉ እንዲወስዱ ያድርጉ።

ሁለቱም ካልሆነ የጆብ ሠንጠረዡን የፋይል ብዛት በያዘው በጆብፋይልስ ዓምድ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርድሩ። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚወጣው የካሽ ወይም የሴሽን ፎልደር ሳያስቀር የሚቀዳ ጆብ ነው። ፎልደሩን በፋይልሴቱ (የሚቀዱትን ፋይሎች በሚወስነው ኮንፊግ) ኤክስክሉድ ውስጥ ያስገቡ።

ብዙ መስመር ተሰረዘ፣ ዲስኩ ግን አልተለቀቀም

ብዙ ሰው ተደናግጦ እንደገና መሰረዝ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ አይጀምሩ። ፖስትግሬስ የተሰረዘውን መስመር ወዲያው ከፋይሉ አያወጣም፤ ሙት ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ቫክዩም የተባለው የፖስትግሬስ ማጽጃ ሲያልፍበት ቦታው ለአዲስ መስመር ይውላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለዲስኩ አይመለስም። ፒጂ ስታት ዩዘር ቴብልስ በተባለው የፖስትግሬስ መረጃ ውስጥ የሙት መስመሮቹን ቁጥር ይዩ። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሠንጠረዡ ትልቅ ከሆነ ባዶው ቦታ ቀጣዮቹን ጆቦች እየጠበቀ ነው፤ የሰረዙት በየወሩ የሚመጣውን ያህል ከሆነ ይተዉት።

የሙት መስመሩ ቁጥር ትልቅ ከሆነ ኦቶቫክዩም (በራሱ የሚነሳው ቫክዩም) አልደረሰም። ስኬል ፋክተሩ (ከሠንጠረዡ ምን ያህሉ ሲሞት እንደሚነሳ የሚወስነው ድርሻ) ካልተለወጠ 0.2 ነው፤ 500 ሚሊዮን መስመር ባለበት ሠንጠረዥ 100 ሚሊዮን ያህል ሙት እስኪጠራቀም ይጠብቃል። ለፋይል ሠንጠረዥ ብቻ ወደ 0.01 ያውርዱት። ቫክዩም እየሮጠም ቁጥሩ ካልቀነሰ ግንኙነቶችን በሚያሳየው በፒጂ ስታት አክቲቪቲ ውስጥ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ግንኙነት ይፈልጉ። እሱ እስኪዘጋ ድረስ ከእሱ ወዲህ የሞተው መስመር አይጸዳም።

ከሠንጠረዡ ግማሽ በላይ አንዴ ተጠርጎ ከሆነና ቦታው የግድ ካስፈለገ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ የሚጽፈው ቫክዩም ፉል አለ። ዳይሬክተሩን (ጆቦችን የሚመራውን የባኩላ ፕሮግራም) ያቁሙ፤ ሠንጠረዡ ሥራው እስኪያልቅ ለንባብም ይቆለፋል። አዲሱ ቅጂ ተጽፎ ሳያልቅ አሮጌው ስለማይጠፋ፣ የቀሩትን መስመሮችና ኢንዴክሶቻቸውን የሚችል ነጻ ዲስክ ያስፈልጋል። ዲስኩ 98 በመቶ ከሞላ በኋላ ይህን መሞከር ዳታቤዙን ሊያቆመው ይችላል፤ በቅድሚያ ዲስክ ይጨምሩ።

ጆቡ አልቆ «ዲስፑሊንግ አትሪቢውትስ» ላይ ለሰዓታት ይቆማል

በዚህ ደረጃ ባኩላ የፋይሎቹን መዝገብ ወደ ካታሎጉ እያስገባ ነው። አንድ ሰው ሪስቶር ለማፋጠን በፋይል ሠንጠረዥ ላይ ተጨማሪ ኢንዴክስ ሠርቶ ይሆናል። እያንዳንዱ ኢንዴክስ በእያንዳንዱ አዲስ መስመር ይጻፋል። ከባኩላ ጋር ከመጡት ውጭ ያሉትን ያጥፉ። በተቃራኒው የሪስቶር ፋይል ዝርዝር ለመገንባት ከዘገየ፣ ከባኩላ ጋር የመጣው የጆብአይዲ ኢንዴክስ መኖሩን አይተው አናላይዝ (የፖስትግሬስ ስታቲስቲክስ ማደሻ) ያስሮጡ።

ዲቢቼክ አያልቅም

ዲቢቼክ የካታሎጉ መፈተሻ መሣሪያ ነው፤ ባለቤት አልባ መዝገቦችን (ሌላ መዝገብ የማይጠቀምባቸውን) ይፈልጋል። ጆብ እየሮጠ ሳለ አያስነሱት፤ አዲስ የገባን መስመር ባለቤት አልባ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። መጀመሪያ ሳያርም ያስሮጡትና ቁጥሩን ይዩ። የፓዝ (የፎልደር አድራሻ) ፍተሻው የሚዘገየው በፋይል ሠንጠረዥ ላይ ለፓዝአይዲ ብቻውን ኢንዴክስ ስለሌለ ነው፤ ጊዜያዊ ኢንዴክስ ይሥሩለትና ሲጨርስ ያጥፉት። ከባኩላ 11ኛው እትም ወዲህ የፋይል ስም በራሱ በፋይል ሠንጠረዥ ውስጥ ስለገባ የፋይልኔም ፍተሻ አያስፈልግም።