አባይ በረሃ ወርዶ መመለስ፦ ሙቀት የሚያመጣቸው ችግሮችና መፍትሔያቸው

ደጀን ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው አባይ ድልድይ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወንዙ ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ። ቁልቁል ሲወርዱ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር በጥላ እንኳ የ9 ዲግሪ ልዩነት አለ። ገደሉ ነፋሱን ከልሎ፣ ድንጋዩ የዋጠውን ፀሐይ መልሶ ሲተፋ ደግሞ ከዚያ የባሰ ይሰማል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በረሃው ክፉ ነው።

ይህ ጽሑፍ በእግሩ ወርዶ በዚያው ቀን ለሚመለስ የደጋ ሰው ነው፤ ለጉብኝትም ይሁን ለቅየሳ፣ ለዘመድ ጥየቃም ይሁን ለቀን ሥራ። ርእሶቹን የተጎዳው ሰው ራሱ በሚናገርበት አነጋገር አስቀምጠናቸዋል። «ይቃዣል» የሚለውን ክፍል ግን ከመውረድዎ በፊት ያንብቡት፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ለማንበብ ጊዜ አይኖርም።

«ስወርድ ደህና ነበርኩ፣ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ»

አብዛኛው ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን መጀመሪያ ያየዋል፤ ካቃተው ተመልሶ ይወርዳል። በረሃ ተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት በብርድ፣ በሙሉ ጉልበትና በሙሉ ኮዳ ይወረዳል፤ ከሰዓት በኋላ በባዶ ኮዳና በደከመ እግር 1,400 ሜትር ሽቅብ ይጠብቃል። ከባዱ ሥራ በጣም የሚሞቀው ሰዓት ላይ ይወድቃል ማለት ነው። መውረድ ላብ ብዙም ስለማያስወጣ ሰው ውኃው የሚተርፈው መስሎት በወንዙ ዳር ምሳ ላይ ይጨርሰዋል።

መፍትሔው ስሌት ነው። ሲወርዱ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ሲወጡ ከሦስት ሩብ እስከ አንድ ሊትር ይያዙ። ሽቅቡ ለደጋ ሰው አራት አምስት ሰዓት ስለሚፈጅ ለመውጫ ብቻ 4 ሊትር ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው በድምሩ 6 ወይም 7 ሊትር ይደርሳል፤ ይህን ሁሉ ተሸክሞ መውረድ ደግሞ ራሱን የቻለ ድካም ነው። ስለዚህ ሲወርዱ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ሁለት ሃይላንድ፣ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሌላ ሁለት ሃይላንድ ከድንጋይ ሥር ጥላ ውስጥ ደብቀው ያልፋሉ። በቅጠል ይሸፍኑት፤ ፀሐይም ዝንጀሮም አያግኘው። ቦታውን በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ከታች ወደ ላይ ሲታይ ድንጋይ ሁሉ አንድ ይመስላል።

ሰዓቱን በተመለከተ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሱ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሽቅብ አይጀመርም። በ10 ሰዓት ከጀመሩ ደግሞ መሽቶብዎት ገደል ላይ ይገኛሉ። እኛ የምንመክረው በእግር ወርዶ በመኪና መውጣት ነው፤ የደጀን ጎሐ ጽዮን መንገድ መኪና አያጣም። በእግሬ ካልወጣሁ የሚል ሰው እዚያው አድሮ ጎህ ሲቀድ ይነሳ፤ ካደሩ ግን አጎበር ግዴታ ነው።

«ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ዞረብኝ»

ላቡ ይንቆረቆራል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ምግብ ይጠላል። ነገር ግን ስሙን፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ በትክክል ይናገራል። ይህ የሙቀት ድካም ነው፤ ሰውነቱ በላብ ውኃና ጨው ስላጣ ደሙ ቆዳን ለማቀዝቀዝም ጡንቻን ለማሠራትም አልበቃ ብሎታል።

ያስቁሙት። «እዚያች ዛፍ ድረስ» ብለው አያስጉዙት። ጥላ ውስጥ በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከቦርሳ ላይ ይስቀሉለት፤ ጫማና ቀበቶውን ይፍቱ፤ አንገቱንና ደረቱን ያርጥቡ። መጠጡን በትንሽ በትንሹ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ በየአምስት ደቂቃው ይስጡት፤ ባንዴ ከጠጣ ይተፋዋል። የሚሻለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው፤ ከፋርማሲ የገዙትን ፓኬት በላዩ በተጻፈው የውኃ መጠን ይበጥብጡ። ከሌለ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። በረሃ ውስጥ ማንኪያ ፍለጋ እንዳይገቡ ቤትዎ ለክተው እያንዳንዱን በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ይያዙ። ጨው ሲበዛ ጎጂ ነው፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይድፉት።

ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ጉዞው አብቅቷል፤ መኪና ፈልገው ወደ ጤና ጣቢያ። ከተሻለውም ያን ቀን ሸክም አይይዝም።

አስቀድሞ ለማወቅ ሽንትን ማየት ይበቃል። ፈዛዛ ብጫ ከሆነ ደህና ነው። ጠጅ ከመሰለ ውኃ አጥሯል። ሻይ ከመሰለ ጥላ ፈልገው ይቀመጡ። ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ሽንት ካልመጣም እንደዚያው።

«ይቃዣል፣ ይንገዳገዳል፣ የሚለው አይገባንም»

ይህ የሙቀት ምት ነው፤ ይገድላል። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ አንጎልን ነክቷል ማለት ነው። መለያው የንግግሩና የአእምሮው መዛባት ነው፦ ይነጫነጫል፣ የጓደኛውን ስም ይስታል፣ እንደ ሰካራም ይራመዳል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ቆዳው ይፋጃል። «ላብ ስላለው የሙቀት ምት አይደለም» አይበሉ፤ ሲሠራ ወይም ሲጓዝ የወደቀ ሰው በላብ ተነክሮም ሊሆን ይችላል።

እኛ አገር ላይ ትልቁ ስህተት ይህን ምች ነው ማለት ነው። ዳማከሴ አሽቶ ማሽተቱ ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን ከዚያ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው፦ ጋቢ አከናንቦ ማላብ፣ ትኩስ ነገር ማጠጣት፣ ቤት ዘግቶ ማስተኛት። የሚነድን ሰው ጋቢ ማልበስ እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው። አረቄ ማቅመስም እንዲሁ። ለትኩሳት የሚወሰድ ፓራሲታሞልም እዚህ አይሠራም፤ ሙቀቱ ከበሽታ ሳይሆን ከፀሐይና ከጡንቻ ሥራ የመጣ ነው።

የሚደረገው ይህ ነው። አንዱ ሰው አምቡላንስ ይደውላል፤ የወረዳውን ቁጥር ከላይ ሳሉ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት። የቀሩት ወዲያው ማቀዝቀዝ ይጀምራሉ። ጥላ ውስጥ አስገብተው ልብሱን እስከ ውስጥ ሱሪው ያውልቁ። ያለውን ውኃ ሁሉ፣ የመጠጡንም ጭምር፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ያፍስሱበት። ነጠላ ነክረው ሳይጨምቁ ደረቱ ላይ ያልብሱት፤ ሁለት ሰዎች በካርቶን ወይም በባርኔጣ ሳያቋርጡ ያራግቡለት። ነጠላው ሲሞቅ ገልብጠው እንደገና ያርጥቡት። የሞቀ እርጥብ ጨርቅ ብርድ ልብስ ይሆናልና እንዲሁ አይተዉት። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ደጋግመው ያፍስሱ፤ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ለቆዳ የቀረቡት እዚያ ነው። በአፉ ምንም አይስጡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ካስመለሰ በጎኑ ያስተኙት።

ወንዝ አጠገብ ከሆኑ ውኃውን በጀሪካን ቀድተው ያምጡ። አባይ ውስጥ አዞ አለ፤ ራሱን የሳተ ሰው ይዞ ወንዝ መግባት ሌላ አደጋ ነው።

ማቀዝቀዙ ይቅደም፣ መጓጓዙ ይከተል። ቃሬዛ ላይ አድርጎ ሽቅብ መውጣት ሰዓታት ይወስዳል፤ ሳይቀዘቅዝ የተነሳ ሰው መንገድ ላይ ያልቃል። ንግግሩ ሲስተካከልና መንቀጥቀጡ ሲቆም ያንሱት፤ መኪና ውስጥም መስኮት ከፍተው ማርጠቡን ይቀጥሉ። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ኩላሊቱና ጉበቱ መጎዳታቸው በማግስቱ ሊታይ ይችላል።

«ውኃ እየጠጣሁ ባሰብኝ»

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣቶች ማበጥ፣ ቀለበት መጥበቅ። ከሙቀት ድካም ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሰውየው ከመጠን በላይ መጠጣቱና ሽንቱ እንደ ምንጭ ውኃ መንጻቱ ነው። ጨው በላብ እየወጣ ባዶ ውኃ ብቻ ስለገባ የደሙ ጨው ቀጥኗል። «ጠጣ፣ ጠጣ» እያሉ ማባባስ ቀላል ነው። ውኃውን ያቁሙ፤ ጨው ያለው ቆሎ ወይም ቂጣ ይስጡት። ግራ ከተጋባ ወይም ካንቀጠቀጠው ይህም የሐኪም ጉዳይ ነው።

ለመከላከል በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ በሰዓት ከሊትር ተኩል በላይ አይጠጣም። ከሁሉም የሚመቸው ስንቅ በሶ ነው። ቀጠን አድርገው በጥብጠው ቁንጥር ጨውና ትንሽ ማር ካከሉበት ውኃውም ጨውም ጉልበቱም አንድ ላይ ይገባል።

«ባቴን ያዘኝ»

የጨው ማነስና ድካም ነው። ተቀምጠው እግርዎን ዘርግተው የጣቶቹን ጫፍ በእጅዎ ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ እስኪለቅ ይያዙት፤ በሶ ብጥብጡን ይጠጡ። በዱላ መምታት ወይም መርገጥ ጡንቻውን ያቆስለዋል።

«ጾም ላይ ነኝ»

ዐቢይ ጾም በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይውላል፤ በረሃው ከሚከፋበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚጾም ሰው ከላይ ያለውን የውኃ ስሌት ሊከተል አይችልም። ስለዚህ ጉዞውን ወደ ቅዳሜ ወይም እሁድ ያዙሩት፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር በእነዚህ ቀናት እስከ 9 ሰዓት አይዋልም። በሥራ ቀን የግድ ከሆነ ሽቅቡን በመኪና ያድርጉት። ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በረሃ ውስጥ ወድቀው የሚወስኑት ነገር አይደለም። ረመዳን ለሚጾም ግን ቅዳሜና እሁድም ልዩነት የላቸውም፤ ሽቅቡን በመኪና ያድርገው።

የደም ግፊት ክኒን፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛውን የሚወስዱ ሰዎች ቶሎ ይደርቃሉ። ክኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

«እግሬ ውኃ ቋጠረ»

ኮንጎ ጫማ ላብ አያስወጣም፤ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ቁልቁለት ላይ ጣቶች ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጩ ጥፍር ይጠቁራል። ከዋዜማው ጥፍር ይቆረጣል፤ ሁለት ጥንድ የደረቀ ካልሲ ይያዛል፤ የቆዳ ወይም የሸራ ጫማ በደንብ ታስሮ ይለበሳል። እግር ሲግል ወይም ሲያቃጥል፣ ውኃ ከመቋጠሩ በፊት፣ ቆመው ፕላስተር ይለጥፉበት። የቋጠረውን ትንሽ ከሆነ አይንኩት። ትልቅ ሆኖ ካላስኬደ በእሳት ነዶ በቀዘቀዘ መርፌ ከጠርዙ ወግተው ያፍስሱት፤ ቆዳውን ግን አይላጡ። ዱላ ይያዙ፤ ቁልቁለት ላይ የጉልበትን ሸክም ይጋራል። ለጎጃሜ ይህን መምከር አያስፈልግም ነበር፤ የከተማው ልጅ ግን ዱላውን ትቷል።

ቆዳ፣ ከንፈር፣ ነስር

እጅጌ ረጅም ሰፊ የጥጥ ሸሚዝ ከካናቴራ ይሻላል። ባርኔጣው አንገትን የሚያለብስ ይሁን፤ ጃንጥላ ደግሞ ጥላ ይዞ መሄድ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለከንፈር ቫዝሊን ይቀባል። አናት ላይ ለጋ ቅቤ ማድረግ ፀሐይ አይከላከልም፤ የተቃጠለ ቆዳ ላይ መቀባት ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል።

ነስር ሲመጣ ራስን ወደ ኋላ ማዘንበል ደሙን ወደ ጉሮሮ ይልከዋል። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ሙሉ ሳይለቁ ይጫኑ፤ በየደቂቃው እየለቀቁ ማየት ከዜሮ ያስጀምራል።

«ከተመለስኩ ሳምንት አለፈኝ፣ አሁን ያተኩሰኛል»

ይህ ፀሐይ አይደለም። የሙቀት ጉዳት በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው የሚታየው፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ብርድ ብርድ እያለ፣ እያንቀጠቀጠ የሚመጣ ትኩሳት ንዳድ (ወባ) ሊሆን ይችላል። ደጋ ላይ ያለ ጤና ባለሙያ ወባን ቀድሞ ላያስብ ስለሚችል «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በረሃ ነበርኩ» ብለው ይንገሩትና በዚያው ቀን ደም ይመርመሩ። የተረፈ የሌላ ሰው ክኒን አይውሰዱ፤ ምርመራውን ያደናግራል፣ በሽታውንም ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል።