ተረከዝ አልይዝ ያለ ጫማ፦ ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች

ጫማቸው ከኋላ እየወለቀ ያስቸገራቸው ሰዎች ወደ ጫማ ሰፊ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ መፍትሔውን ራሳቸው ወስነው ነው፤ «ተረከዙ ላይ ስፖንጅ ለጥፍልኝ» ይላሉ። መውለቁ የሚታየው ተረከዝ ላይ ስለሆነ ጥፋቱም እዚያው ያለ ቢመስላቸው አያስገርምም። ይሁን እንጂ ተረከዝን በቦታው የሚያቆየው የጫማው የኋላ ክፍል ብቻ አይደለም፤ በቁርጭምጭሚትና በጣቶች መካከል ባለው የእግር ጀርባ ላይ አርፎ እግርን ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚይዘው የላይኛው ክፍል ከዚያ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ይህ ክፍል ሲላላ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ከኋላ ክፍተት ይፈጠራል፣ በእያንዳንዱ እርምጃም ተረከዝ ብቻውን ተነሥቶ ጫማው መሬት ላይ ይቀራል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ካለማስተዋል ነው።

ምክንያቱን ሳይለዩ ተረከዝ ላይ መለጠፍ

ታኮው ከፍ ያለ የሴቶች ጫማ ለዚህ ስህተት ዋነኛው ማሳያ ነው። ታኮው ሲረዝም የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ እግርም ቁልቁል እየተንሸራተተ ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ከተረከዝ በስተኋላ የሚታየው ክፍተት እግሩ ቦታውን ለቅቆ በመሄዱ የተፈጠረ ነው። ክፍተቱን በስፖንጅ ሲሞሉት እግሩ ይብሱን ወደ ፊት ይገፋል፣ ጣቶች ይጨማደዳሉ። የተለጠፈው ከተረከዝ ሥር ከሆነ ደግሞ ተረከዙን ከፍ ስለሚያደርገው ከጫማው አፍ ለመውጣት ይበልጥ ይቀርባል። አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ ያመጣችው ነጭ ጫማ ተረከዙ ላይ ስፖንጅ በስፖንጅ ላይ ተደራርቦበት፣ ጫማው ግን አሁንም ይወልቅ ነበር፤ ጣቶቿም ቀልተው ነበር። የተለጠፈውን ሁሉ አንሥተን፣ ከጣቶቿ መነሻ በታች ባለው የውስጠኛ ሶል ክፍል ላይ ገጹ ሻካራ የሆነ ስስ ቆዳ ብቻ አደረግንላት። እግሯ መንሸራተቱን ሲያቆም የኋላው ክፍተት በራሱ ጠፋ።

ክር ባለው ጫማና በሞካሲን ላይ ደግሞ ትክክለኛው ቦታ የምላሱ ውስጠኛ ገጽ ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ወይም ቆዳ በምላሱ ሥር ሲለጠፍ የእግርን ጀርባ ተጭኖ ተረከዝን ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል። ማስቲሽ ከመቀባታችሁ በፊት ግን ሞክሩት፦ ለስላሳ ጨርቅ አጥፋችሁ በምላሱ ሥር አድርጉና ክፍሉን ወዲያ ወዲህ ተራመዱበት። መውለቁ ከቀነሰ ቦታውን አገኛችሁት፤ ካልቀነሰ ጨርቁን ከማውጣት በቀር የምታጡት ነገር የለም።

ተረከዝ ላይ መለጠፍ ፈጽሞ አይጠቅምም አላልኩም። ርዝመቱና የላይኛው ክፍል ልክ ሆኖ ሳለ የሰውየው ተረከዝ ቀጭን በመሆኑ ብቻ የሚወልቅ ጫማ አለ፤ ለዚህ ስስ ልጣፍ ተገቢ ነው። ቦታው በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ፣ ልጣፉም ከጫማው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይለጠፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ ይደር። ለጥፎ ወዲያው የሚያጠልቅ ሰው ልጣፉን በማግስቱ ካልሲው ላይ ያገኘዋል።

«ያድግበታል»

ስለዚህኛው ተረጋግቼ መጻፍ ያቅተኛል። በየዓመቱ የመስከረም ትምህርት መክፈቻ ሲቃረብ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ጫማ ይገዛሉ፤ ሻጩ ልክ የሆነውን ሲያቀርብ «ሁለት ቁጥር ጨምርለት፣ ያድግበታል» ይባላል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በአውሮፓው አቆጣጠር አንድ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ማለትም ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ቁጥር ሲጨመር ከ1.3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ልክ የሆነው ጫማ ራሱ ጣቶች እንዲንቀሳቀሱ ከፊት ለፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ስላለው፣ ልጁ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል ማለት ነው።

ያ ልጅ ጫማው እንዳይወልቅበት ጣቶቹን ቆልምሞ ሶሉን ይቆነጥጣል፤ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፤ ደረጃ ላይ ይደናቀፋል፤ በእረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ሲሮጡ እሱ ጫማውን ይፈልጋል። ተረከዙም ተልጦ ውሃ ይቋጥራል። ጫማው መታጠፍ ያለበት ቦታና የልጁ እግር የሚታጠፍበት ቦታ ስለማይገናኙ ሶሉ ያለ ቦታው ይሰበራል፣ ቆዳውም ያለ ቦታው ይሰነጠቃል። እግሩ ጫማውን ሲደርስበት ጫማው አርጅቷል፤ ወላጅ ለማትረፍ ያሰበው ገንዘብ የት ገባ? አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወይም ጋዜጣ መጠቅጠቅም መፍትሔ አይደለም፤ ጣቶች ቦታ ከማጣታቸው በቀር ከላይ የላላው እንደላላ ነውና ተረከዙ መውለቁን አይተውም።

ኑሮ መወደዱን የማውቀው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ለልጅ በየወሩ ጫማ ይገዛ የሚል ሰው ልጅ አላሳደገም። መጨመር ካስፈለገ አንድ ቁጥር ብቻ ይጨመር፤ ጫማውም ያለ ማሰሪያ የሚጠለቅ ሳይሆን ክር ወይም ተለጣፊ ማሰሪያ ያለው ይሁን። ከተረከዝ እስከ ጣት የሚደርስ ስስ ተነቃይ የውስጥ ሶል ቢደረግበት ደግሞ እግሩን ከፍ አድርጎ ከጫማው የላይኛው ክፍል ጋር ያገናኘዋል፤ እግሩ ሲያድግ ማውጣት ነው። የተጨመረው ቁጥር ከእነ ማሰሪያው ሲጠብቅ ልጁ ሮጦ ካልወለቀበት፣ እስማማለሁ፣ ያድግበታል።

ቁጥርን ማመን

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ጫማ ሊልክ ሲል በስልክ የሚጠይቀው «ቁጥርህ ስንት ነው?» ብሎ ነው። የእንግሊዝ አንድ ቁጥር የኢንች ሲሶ ማለትም 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአሜሪካ የወንዶች ቁጥር ለዚያው እግር ከእንግሊዙ በአንድ ያህል ይበልጣል፤ የአሜሪካ የሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹም ይበልጣል። ስለዚህ «ዘጠኝ» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም አይነግርም። ወረቀት ግድግዳ ሥር አንጥፋችሁ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ቁሙ፤ የረጅሙን ጣት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ላኩ። ልኬቱ ቆማችሁ፣ እግር ትንሽ በሚያብጥበት በምሽት፣ በሁለቱም እግሮች ላይ ይወሰድ። የሁለቱ ርዝመት ከተለያየ ጫማው በትልቁ ይገዛና የትንሹ ውስጥ ስስ የውስጥ ሶል ይግባበት።

ርዝመት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያትም አለ። በ1920ዎቹ ቻርልስ ብራኖክ የተባለ አሜሪካዊ በሰራኪዩስ ከተማ የሠራውና ዛሬም በብዙ የጫማ መደብሮች የሚገኘው የእግር መለኪያ፣ ከርዝመትና ከስፋት ሌላ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መነሻ ያለውን ርቀት ለብቻው ይለካል። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት እግሮች የአንደኛው ጣቶች አጭር፣ የሌላኛው ረጅም ሊሆኑ ይችላሉና የሚታጠፉበት ቦታ ይለያያል። ጫማውና እግሩ በአንድ ቦታ ካልታጠፉ በቁጥር ልክ የሆነው ጫማ ሳይቀር ከተረከዝ ይወልቃል። ጫማውን አጥልቃችሁ በጣቶቻችሁ ላይ ተነሡና ቆዳው የሚሸበሸበው ጣቶች ከሚጀምሩበት ላይ መሆኑን ተመልከቱ። ከዚያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ርቆ ከተሸበሸበ ሌላ ሞዴል ጠይቁ።

ክርን ለጌጥ ማሰር

ክሩን አንድ ጊዜ አስሮ፣ ከዚያ በኋላ ሳይፈታ እግሩን እየወተፈ የሚያጠልቅ ሰው ስለ መውለቅ ቅሬታ ማቅረብ የለበትም። በብዙ የስፖርት ጫማዎች ላይ ከቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ከሌሎቹ መስመር ጥቂት ወደ ኋላ የሸሸ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ፤ አብዛኛው ሰው ሳይጠቀምበት ጫማው ያልቃል። ክሩን በዚያው ወገን ባለው በዚህ የመጨረሻ ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገቡትና ሙሉ በሙሉ ሳትስቡት ትንሽ ቀለበት አስቀሩ፤ በሌላኛውም ወገን እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ የቀኙን ክር በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ ቀለበት አሳልፋችሁ ወደ ታች ሳቡና እንደተለመደው እሰሩ። ከመሳባችሁ በፊት ተረከዛችሁን መሬት ላይ መታ መታ አድርጉ፤ እግር ወደ ኋላ ገብቶ ይቀመጣል። ብዙዎች በተቃራኒው የጫማውን አፍንጫ መሬት ላይ እየመቱ ያስራሉ። እንጦጦን ሽቅብ የሚሮጡ ሰዎች ልዩነቱን ወዲያው ያውቁታል፤ ተረከዝ ይበልጥ ለመውለቅ የሚታገለው በዳገት ነውና።

አዲሱን ጫማ ቶሎ መኮነን

ሶሉ ወፍራም የሆነ አዲስ የቆዳ ጫማ ወይም ቡትስ ገና ስላልታጠፈ፣ ተረከዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢነሣበት ጤነኛ ነው። ሶሉ ሲለሰልስ ይተዋል። ሞካሲን ግን በአዲስነቱ ጠበቅ ብሎ ይገዛ፤ ቆዳ በስፋቱ ይላላል እንጂ ርዝመቱ አይጨምርምና፣ ጣት የነካ ሞካሲን ሁልጊዜም ጣት ይነካል።

ጫማን ውሃ ነክሮ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር በማድረቅ ለማጥበብ መሞከር ማስቲሹን ያስለቅቃል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። ሁለት ካልሲ መደረብ ለአንድ ቀን ያግዛል። ቫዝሊን መቀባት መላጥን ይቀንሳል እንጂ መውለቅን አያስቆምም።

የጫማን ኋላ መርገጥ

በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ፣ በሰው ቤትም ስንገባ ጫማ ማውለቅ ልማዳችን ስለሆነ ብዙ ሰው ሲወጣ እንዳይዘገይ የጫማውን ኋላ ረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ይሄድበታል። በተረከዙ ቆዳና ገበር መካከል ቅርጹን የሚጠብቅ ጠንካራ ድጋፍ ተቀብሯል፤ በርካሽ ጫማ ላይ ይህ ድጋፍ ከካርቶን ብዙም የማይሻል ነው፤ የክረምት ዝናብ ሲያገኘው ይፈርሳል። አንድ ጊዜ ከተሰበረ አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ ጫማው ተረከዝን የሚይዝበት አቅም የለውም። ልባሽ ጫማ ስትገዙም መጀመሪያ ይህንን ቦታ በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ሞክሩ፤ ለስልሶ የሚገባ ከሆነ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ቅርጹ የቀድሞው ባለቤት ተረከዝ ነው።

ጫማ ማጥለቂያ ማንኪያ ርካሽ ነው፤ ከሌለም ክሩን መፍታት አለ። ድጋፉ የተሰበረበትን ጥሩ ጫማ ግን አትጣሉት። ጫማ ሰፊው ገበሩን ፈትቶ አዲስ ድጋፍ ሊያስገባበት ይችላል፤ ገበሩን ሲመልስም በተረከዙ በኩል የቆዳው ሻካራ ገጽ ወደ እግር እንዲዞር ንገሩት፤ ልስልሱ ገጽ ካልሲን ያንሸራትታል፣ ሻካራው ይይዛል።