የኢንዱስትሪ ሮቦት ቴክኒሺያን እንዴት መሆን ይቻላል

የማምረቻ መስመር ቆሞ ቴክኒሺያን ሲጠራ፣ ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሮቦቱን አይደለም። ኬብሉን፣ ሴንሰሩን፣ የአየር ግፊት መለኪያውን፣ የአጥሩን በር ነው የሚያየው። ክንዱ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የሚታመመው ዙሪያው ነው። ይህን ከጅምሩ ያልተረዳ ተማሪ ወራቱን ሁሉ የሮቦት ፕሮግራም ሲያጠና ይከርምና ሥራ ቦታ ሲደርስ አንድ የላላ ሽቦ ያንበረክከዋል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ ሮቦቱን ወደ ኋላ ያስቀመጠ ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራው የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

ኦፕሬተሩ መስመሩን ያስነሳል፣ ያቆማል፣ ዕቃ ያቀርባል። መሐንዲሱ ሮቦቱ የሚሠራበትን ክፍል በሙሉ ይነድፋል። ቴክኒሺያኑ በሁለቱ መካከል ነው፦ ይገጥማል፣ ሽቦ ያገናኛል፣ የሮቦቱን እንቅስቃሴ ነጥብ በነጥብ ያስተካክላል፣ ይንከባከባል፣ ሲበላሽም ምክንያቱን ያገኛል። የግሪስ እድፍ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ “መቼ ይነሳል?” እያለ ከኋላ የሚቆም አለቃ የሥራው አካል ናቸው። ተቀምጦ ኮድ መጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ደረጃ 2፦ ኤሌክትሪክ ላይ ቆዩ

ተማሪ የሚሰለቸው እዚህ ነው፤ የሥራው ሰዓት በብዛት የሚያልፈውም እዚሁ ነው። ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሬዚስታንስ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከኦም ሕግ ጀምራችሁ እዩ፤ ከዚያ ቶሎ ወደ መቆጣጠሪያ ካቢኔው ግቡ። ትልልቅ ሞተሮችን የሚመግበው ኃይል ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ አዝራሩ፣ ሴንሰሩና ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ ምልክት ሌላ መስመር የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) የሚነጋገሩት ግን በአብዛኛው በ24 ቮልት ዲሲ ነው። መጠን የሚለኩ ብዙ ሴንሰሮች ደግሞ ንባባቸውን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ባለ ከረንት ይልካሉ። ለምን ከ0 አልጀመረም? 0 ከተነበበ ሽቦው ተበጥሷል ማለት እንዲሆን ነው። ሙያው በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ብልሃቶች የተሞላ ነው፤ ምክንያቱን የጠየቀ ሰው አይረሳቸውም።

የፒኤንፒና የኤንፒኤን ሴንሰሮች ልዩነትም እንደዚሁ ነው። አንደኛው ዕቃ ሲያይ ፖዘቲቩን ወደ መቆጣጠሪያው ይልካል፤ ሁለተኛው መስመሩን ወደ 0 ቮልት ይስባል። መለዋወጫ ሲቀየር በስህተት ሌላኛው ከተገጠመ የሴንሰሩ መብራት ይበራል፣ መቆጣጠሪያው ግን ምንም አይደርሰውም። መብራቱን ያየ ጀማሪ “ሴንሰሩስ ደህና ነው” ብሎ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ልምምዱ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። አንድ ጣውላ ላይ የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ፊውዝ፣ ሁለት አዝራር፣ ሪሌይና አምፖል ግጠሙ። ማስነሻውን ስትጫኑ አምፖሉ ይብራ፤ ጣታችሁን ስታነሱም በርቶ ይቆይ፤ ማቆሚያውን ስትጫኑ ይጥፋ። ማቆሚያው ሳይነካ ዝግ የሆነው፣ ማለትም ከረንት የሚያሳልፈው ዓይነት መሆን አለበት፤ እንዲህ ከሆነ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል እንጂ ማቆሚያ አልባ ሆኖ መሥራቱን አይቀጥልም።

ይህ ከሠራላችሁ በኋላ ዋናው ትምህርት ይጀምራል። ኃይሉን አጥፉና ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ አንድ ነገር ያበላሽ፦ ሽቦ ያላላ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ያስገባ፣ በሪሌዩ ኮንታክት መካከል ቀጭን ፕላስቲክ ይሸጉጥ። እናንተ ዲያግራሙንና መልቲሜትሩን ብቻ ይዛችሁ ፈልጉ። ከአንድ ጫፍ ተነስታችሁ እያንዳንዱን ነጥብ አትለኩ፤ መሐሉን ለኩ። እዚያ 24 ቮልት ካለ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ከሌለ ከዚያ ወዲህ። ቀሪውን እንደገና ለሁለት ክፈሉት። 16 ነጥብ ያለው መስመር በ4 ልኬት ያልቃል። ሬዚስታንስ የሚለካው ደግሞ ኃይል ከጠፋ በኋላ ብቻ መሆኑን እጃችሁ ይልመደው።

ደረጃ 3፦ መካኒክና ሒሳብ፣ በልኩ

ብሎን በትክክለኛው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ማጥበቅ፣ ቀበቶና ቤሪንግ ማየት፣ የአየር ሲሊንደርና ቫልቭ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሒሳብ ሳይንና ኮሳይን፣ የኤክስ፣ የዋይና የዜድ መጋጠሚያ፣ አቅጣጫውን የሚያሳየው የቀኝ እጅ ደንብ ይበቃሉ። ካልኩለስ አልችልም ብሎ ከዚህ ሙያ የሚሸሽ ሰው በከንቱ ነው የሸሸው።

ደረጃ 4፦ ፒኤልሲ ተማሩ

ሮቦት ብቻውን አይሠራም። “ዕቃው ደርሷል፣ አንሳ” የሚለው ብዙውን ጊዜ ፒኤልሲው፣ ማለትም መስመሩን በፕሮግራም የሚመራው የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ነው። ይህ መቆጣጠሪያ የተወለደው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የመኪና ፋብሪካዎች በሪሌይ የታጨቁ ካቢኔዎቻቸውን ሞዴል በተቀየረ ቁጥር እንደገና ሽቦ ማገናኘት ሲሰለቻቸው ነበር። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ የሠሩት ሞዲኮን 084 ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ላደር የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ የሪሌይ ንድፍ የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ የሚያነቡት ኤሌክትሪሺያኖች ነበሩ። ደረጃ 2ን በደንብ የጨረሰ ሰው ላደርን በጥቂት ቀን ያነባል።

ለመለማመድ ፒኤልሲ መግዛት አያስፈልግም። ኮዴሲስ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፣ በኮምፒውተራችሁ ውስጥም የሚሠራ ሲሙሌሽን አለው። መጀመሪያ ያንኑ የአምፖል ሰርኪት በላደር ጻፉት። ቀጥሎ የመረካከብ ልምምድ ሥሩ፦ ፒኤልሲው “ዕቃ ዝግጁ” ይላል፣ ሮቦቱ “ጀምሬያለሁ” ይላል፣ ሲጨርስ “አንስቻለሁ” ይላል፣ ፒኤልሲው ደግሞ የመጀመሪያውን ምልክት ያጠፋል። አሁን መሐል ላይ መብራት ጠፋ በሉ። ሲመለስ ማን ምን ይላል? ሮቦቱ ዕቃ ይዟል ወይስ አልያዘም? የመስመር መቆም ትልቁ ክፍል የሚመነጨው ይህ ጥያቄ በደንብ ካልተመለሰባቸው ፕሮግራሞች ይመስለኛል።

ደረጃ 5፦ ሮቦቱን ከመንካታችሁ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት በአንድ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ዕቃ ለማውረድ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ የማሽኑ ክንድ መታውና ሞተ። በሮቦት ምክንያት የተመዘገበ የመጀመሪያው ሞት ይህ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ የታዩት አደጋዎች አንድ ነገር ደጋግመው ያሳያሉ፦ ብዙዎቹ የሚደርሱት መስመሩ በወጉ ሲሠራ ሳይሆን ሰው አጥሩን አልፎ ሲገባ ነው፤ ሲጠግን፣ ሲያስተካክል፣ ፕሮግራም ሲያደርግ። ማለትም የሚጎዳው ቴክኒሺያኑ ነው።

ቲች ፔንዳንት ከሚባለው የእጅ መቆጣጠሪያ ጀርባ ባለ ሦስት ደረጃ ማብሪያ አለ። ሲለቀቅ ሮቦቱ ይቆማል፤ እስከ መሐል ሲያዝ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በላይ ከተጨበጠ እንደገና ይቆማል። የደነገጠ ሰው ወይ ይለቃል ወይ ይጨብጣልና ንድፍ አውጪዎቹ ሁለቱንም አስበውበታል። በእጅ መቆጣጠሪያው የዝግታ ሁነታ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ250 ሚሊሜትር አይበልጥም። ዝግ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ጀርባችሁ ከግድግዳ ጋር ከሆነ በቂ አይደለም። በክንዱና በማይንቀሳቀስ ነገር መካከል አትቁሙ፤ ውስጥ ስትገቡም ፔንዳንቱን የያዛችሁት እናንተ ሁኑ።

ለጥገና ስትገቡ ዋናውን ማብሪያ አጥፍታችሁ የራሳችሁን ቁልፍ ቆልፉበት፣ መክፈቻው ከእናንተ ኪስ አይውጣ። ማብሪያው ጠፋ ማለት ግን ኃይሉ ሁሉ ሄደ ማለት አይደለም። የሰርቮ መቆጣጠሪያው (የሮቦቱን ሞተሮች የሚነዳው) ካፓሲተሮች ለደቂቃዎች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር አለ። የክንዱ ክብደትም አለ፦ የሞተሩን ብሬክ ሳትደግፉ ከለቀቃችሁ ክንዱ ይወድቃል።

ከሰው ጎን እንዲሠሩ የተሠሩት ኮቦቶች ደግሞ ሌላ ማታለያ አላቸው። ሰው ሲነኩ ይቆማሉ ተብሎ ይታመናል፤ ግሪፐሩ (በክንዱ ጫፍ ያለው መያዣ) የያዘው ስለታም ብረት ከሆነ ግን ክንዱ ለስላሳ መሆኑ ምን ይጠቅማል? የደህንነት ምዘናው የሚደረገው ለክንዱ ብቻ ሳይሆን ከያዘው ዕቃና ካለበት ቦታ ጋር ነው። የዘርፉ ዋና መስፈርት አይኤስኦ 10218 ነው፤ ይዘቱን የሚያብራራ ሥልጠና ካገኛችሁ አያምልጣችሁ።

ደረጃ 6፦ አንድ ሮቦት በደንብ እወቁ

በዓለም ፋብሪካዎች ከ4 ሚሊዮን በላይ ሮቦቶች ይሠራሉ። ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው የጃፓኖቹ ፋኑክና ያስካዋ፣ የስዊድንና የስዊዘርላንድ ውህድ የሆነው ኤቢቢ፣ በጀርመን የተመሠረተው ኩካ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ኤቢቢ ራፒድ፣ ኩካ ኬአርኤል፣ ያስካዋ ኢንፎርም ይለዋል። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትድከሙ። ልትቀጠሩባቸው የምትችሉ ፋብሪካዎች የትኛውን እንደያዙ ጠይቁና እሱን ያዙ። አንዱን በደንብ ያወቀ ሁለተኛውን በፍጥነት ይለምዳል።

ኤቢቢ ሮቦትስቱዲዮ፣ ፋኑክ ሮቦጋይድ የሚባሉ ሲሙሌሽኖች አሏቸው። ገንዘብ ለቸገረው ደግሞ የዴንማርኩ ዩኒቨርሳል ሮቦትስ ነፃ የኢንተርኔት ኮርስና ነፃ ሲሙሌሽን አለው፤ እዚያ መጀመር አያሳፍርም።

መጀመሪያ የምትሠሩት የመሣሪያውን ጫፍ ለሮቦቱ ማሳወቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሹል ነገር አቁሙ፤ የግሪፐሩን ጫፍ ከአራት የተለያየ አቅጣጫ አምጥታችሁ ሹሉን አስነኩት። ሮቦቱ ጫፉ የት እንደሆነ ያሰላል። ከዚያ በጫፉ ዙሪያ አሽከርክሩት፤ ሹሉን ሳይለቅ ከዞረ ትክክል ነው፣ ከሸሸ ድገሙት። የዕቃውን ክብደትም በትክክል አስገቡ። ክብደቱ ከተዋሸ ሮቦቱ ሳይጋጭ “ተጋጨሁ” ይላል፣ ማርሾቹም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ።

ቀጥሎ ዕቃ አንስቶ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጻፉ፣ ሁሉንም ነጥቦች ግን ከጠረጴዛው ፍሬም (ጠረጴዛውን መነሻ ካደረገው የኤክስ፣ የዋይና የዜድ መጋጠሚያ) ጋር አስሩ። ሲጨርስ ጠረጴዛውን ትንሽ አዙሩትና ፍሬሙን ብቻ እንደገና ለኩ። ፕሮግራሙ እንዳለ ከሠራ ገብቷችኋል። እያንዳንዱን ነጥብ ዳግም ማስተካከል ካስፈለጋችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ሥራ ቦታ ላይ 200 ነጥብ ያለው ፕሮግራም ይጠብቃችኋል።

ባለ ስድስት መገጣጠሚያ ክንድ ላይ አምስተኛው መገጣጠሚያ ቀጥ ሲል አራተኛውና ስድስተኛው በአንድ መስመር ይውሉና ሮቦቱ ቀጥታ መስመር መሄድ ይቸገራል፤ የእጅ አንጓው በድንገት ይሽከረከራል ወይም በአላርም ይቆማል። ሲንጉላሪቲ የሚሉት ይህን ነው። መንገዱን ትንሽ ማዘንበል ወይም በመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ (ጫፉ ቀጥታ መስመር እንዲከተል ሳይገደድ) ማለፍ ይፈታዋል።

ከጥገና ደግሞ ባትሪውን ላንሳ። በብዙ ሮቦቶች ኢንኮደሮቹ (የመገጣጠሚያዎቹን ቦታ የሚለኩት) ኃይል ሲጠፋ ቦታቸውን የሚያስታውሱት በትንንሽ ባትሪ ነው። ጥንቁቅ የሆነ ጀማሪ “ከመንካቴ በፊት ላጥፋ” ብሎ መቆጣጠሪያውን ያጠፋና ባትሪውን ያወጣዋል። ፋኑክ ላይ ይህ ሲሆን ኤስአርቪኦ 062 የሚል አላርም ይመጣል፣ ሮቦቱም ዜሮው የት እንደሆነ ይረሳል፤ ዜሮውን መመለስና ነጥቦቹን ማረጋገጥ ይከተላል። ባትሪው የሚቀየረው መቆጣጠሪያው በርቶ፣ የአደጋ ማቆሚያው ተጭኖ ነው። ጥንቃቄ በራሱ በቂ የማይሆንበት፣ ማኑዋል ማንበብ የግድ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ ውሰዱ፤ ቀኑንም ጻፉበት።

ደረጃ 7፦ ትምህርት ቤትና ሰርተፍኬት

ሮቦቲክስ የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ብቻ አትፈልጉ። ሜካትሮኒክስ፣ ኢንዱስትሪያል አውቶሜሽን፣ ኤሌክትሮመካኒካል የሚባሉትም ወደዚሁ ያደርሳሉ። ርዝመቱ ከወራት እስከ ሁለት ዓመት ይሆናል፤ በጀርመን በፋብሪካና በትምህርት ቤት ተከፍሎ የሚሰጠው የሜካትሮኒክስ ሥልጠና 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከመመዝገባችሁ በፊት ወርክሾፑን ገብታችሁ እዩ። ሮቦቱ ከፒኤልሲ ጋር ተገናኝቷል ወይስ ለጉብኝት ብቻ ነው የቆመው? አንድ ሮቦት ለስንት ተማሪ ነው? መምህሩ ሆን ብሎ ብልሽት ይፈጥራል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰሙ ፊታቸው የሚበራ መምህራን ያሉበትን ምረጡ።

የአምራቾቹ የቀናት ኮርሶች ጥሩ ናቸው፣ ግን ውድ ናቸው፤ ብዙ ቀጣሪዎችም ለሠራተኞቻቸው ራሳቸው ይከፍላሉ። ከኪሳችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ።

ደረጃ 8፦ በጥገና ክፍል በኩል ግቡ

የመጀመሪያው ሥራ “የሮቦት ቴክኒሺያን” ላይባል ይችላል። የኤሌክትሪክ ጥገና ረዳት ሆኖ የገባ ሰው ሮቦት ያለበት ፋብሪካ ውስጥ እስካለ ድረስ መንገዱ ላይ ነው። ደብተር ያዙ፦ የአላርሙ ቁጥር፣ ምን እያደረገ እንደቆመ፣ ምን ተገኘ፣ ምን ተደረገ። ከዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማኑዋሉ በላይ ያገለግላችኋል።

የቅጥር ፈተናው ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተበላሸ ካቢኔ ነው። ፈታኙ የሚያየው አፈላለጋችሁን ነው። አላርሙን ሳታነቡ ሪሴት አትጫኑ፤ ከጠፋ ማስረጃው አብሮ ሊጠፋ ይችላል። “ሲቆም ምን እየሠራ ነበር? መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መብራቶቹን እዩ፣ ዲያግራሙን ክፈቱ፣ ምን እንደምታስቡ ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ መሐሉን ለኩ። ልኬቱ ወደ አንድ ተርሚናል ካደረሳችሁና ሽቦው በደንብ የገባ ከመሰለ፣ ኃይሉን አጥፍታችሁ በቀስታ ጎተት አድርጉት። ብዙ ጊዜ እጃችሁ ላይ ይቀራል።